አያርፌ ያላየው ሐይቅ

አርፎ መቀመጥ ስለማይሆንለት የሰፈሩ ሰው «አያርፌ» ይለዋል። በሃያ ዓመቱ የከበረ ድንጋይ ፍለጋ ወጥቶ ስድስት ዓመት በተራራና በበረሃ ተንከራተተ። ሁለት ጊዜ ቀናው። ለሦስተኛው ጉዞ ባልንጀራው መኪናውን እስኪያስጠግን ድረስ አባቱ ቤት ጎራ አለ።

አባቱ መስኮት የሚሠሩ አናጺ ናቸው። እሱ በሌለበት ዓይናቸው ጠፍቷል። ዛሬም ግን ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው አይለዩም፤ እንጨቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ ጠማማውን ከቀናው ይለያሉ።

ልጁ አንድ ድንጋይ አውጥቶ እጃቸው ላይ አኖረላቸው።

«አረንጓዴ ነው አባባ። ትልቅ ቤት ይገዛል።»

«ዋጋውን መች ጠየቅኩህ? ስላገኘህበት አገር ንገረኝ እንጂ። እዚያ ያለው ሐይቅ ጎህ ሲቀድ ሮዝ ይሆናል የሚሉት እውነት ነው?»

አያርፌ እዚያ ሐይቅ ዳር አራት ወር ሰፍሯል። ትዝ የሚለው ጠጠር ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሲቆፍር ፀሐይ ወጣች፣ ገባች። ሊዋሽ አሰበ፤ አባቱ በጉጉት ሲጠብቁት ግን ተወው።

«አላየሁትም» አለ።

አባትየው ሳቁ። «እንግዲያው ሁለት ዕውር አንድ ቤት ገባን በለኛ!»

ሳቁ አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። ከምሳ በኋላ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ሐይቁ ግድግዳ በተደገፉት መስኮቶች ድምፅ ሳያሰማ ሲገባ አየ። ፍቅፋቂው እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። አባቱ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው «ቀለሙ ምንድነው?» ይላሉ፤ እሱ ግን አጎንብሶ ጠጠር ይለቅማል፤ ቀና ልበል ቢል አንገቱ እምቢ አለው።

ሲነቃ የማታዋ ፀሐይ ቤቱን ሞልታዋለች።

«አባባ፣ ግድግዳው ላይ ብርሃን አለ።»

«ምን ዓይነት?»

«እንደ ማር... አይ፣ ቆይ፣ ከማር ቀላ ይላል።» እስኪጠፋ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

በሦስተኛው ቀን ባልንጀራው ጡሩምባ እየነፋ ደረሰ። «ና እንጂ! ሀብቱ እኮ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል!»

«ይጠብቅ። እኔ ያለኝ ይበቃኛል።»

«ምን ነካህ?»

«ዓይኔ ሳይጠፋ ልይበት ብዬ ነው» አለና ሸኘው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከአባቱ ጋር ይሠራል፤ ከሰዓት እጃቸውን ይዞ በየመንገዱ ይዞራል። ሰፈርተኛው መጀመሪያ ተሳለቀበት፤ ኋላ ለመደው።

«የጎረቤታችንን በር ምን ቀለም ቀቡት?» ይላሉ አባትየው።

«ሰማያዊ። ጥጉ ላይ ግን አሮጌው ቀይ ብቅ ብሏል።»

«ቀቢው ድሮም ችኩል ነው» ይሉና ክንዱን ጠበቅ አድርገው ይዘው ይቀጥላሉ።