ትኬት ቢሮው ኔትወርክ ያጣ ዕለት

ወንድሟ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የደወለው እሷና እናቷ ቁርስ ላይ እንዳሉ ነው። ቁርስ ማለት እንኳ ያው ለወጉ ነው፤ ገበታውን የሞላው ሆዳቸው የተዘረገፈ የደንበኛ ስልኮችና ካቻቢቴ ነው። ከአውቶቡስ ትኬት ቢሮው ከተባረረች ወዲህ የእናቷ ሳሎን ሱቋ ሆኗል።

ማን አስባረራት? ይኸው ደዋዩ! የቢሮውን ኮምፒውተሮች የምትጠግነው እሷ ነበረች። ወንድምየው ሥራውን ተመኘና ለሥራ አስኪያጁ፣ «እህቴ እኮ አዲሱን ዕቃ እያወጣች አሮጌ ትከታለች» አለ። የገዛ ወንድም ሲመሰክር ማን ይጠራጠራል? እሷን ከበር መለሷት፤ እሱ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። እናቷ አንድም ቀን ሌባ ነሽ ብለዋት አያውቁም፤ አይደለሽምም አላሏት። እንቅልፍ የነሳት ይኸኛው ነው።

«እህት ዓለም፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለ። «ማሽኖቹ ላይ በሙሉ አዲስ ሲስተም ጫንኩ። የኬብሉ መብራት ይበራል፣ ኔትወርክ ግን የለም። ራውተሩን ሪሴት እንዳላደርገው የኢንተርኔቱ ድርጅት የሞላበት ሴቲንግ ሁሉ ይጠፋል። ተሳፋሪው መስኮት እየደበደበ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ እስከ ቀትር ካልሠራ ውጣልኝ ብሎኛል።»

ሳይጨርስ ገባት። ያ ራውተር ለማሽኖቹ የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር በራሱ አያድልም፤ በየማሽኑ አንድ በአንድ በእጇ የሞላችው እሷ ናት። አያ ጥድፊያ አዲሱን ሲስተም ሲጭን ምን እንደነበር ሳያይ ጠራርጎ አጥፍቶታል። ራውተሩን ከፍቶ እንዳያይ ደግሞ ፓስወርዱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሰይ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ እናቷ ፊት አስቀመጠችው።

«ፓስወርዱን እሰጥሃለሁ፣ ጋሼ። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ዕቃ ሰርቄ ነበር?»

«አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?»

«እንግዲያው ቻው።»

«ቆይ፣ ቆይ በእናትሽ! አልሰረቅሽም። ሥራውን ፈልጌ የፈጠርኩት ነው። በቃ? ደስ አለሽ?»

ደስ አላት እንጂ! ስንት ጊዜ ስታልመው የኖረችው ቃል ነው። እናቷ አልቅሰው፣ «ልጄን በድያት ኖሯል» ብለው እስኪያቅፏት ጠበቀች።

እናቷ ዳቦ እየቆረሱ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያን ጊዜውኑ ነግሮኛል። ምን ላድርግ ልጄ? እሱ ልጆች ያሳድጋል፤ አንቺ ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ። በይ አሁን የፈለገውን ንገሪው፣ አታስጨንቂው።»

ስልኩ ውስጥ ወንድሟ «ተባረኪ እማዬ!» ሲል ተሰማ።

ልጅቷ ስልኩን ዘጋችው። ካቻቢቴዎቿንና የሰው ስልኮችን አንድ ሳታስቀር ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሳች።

«ምነው? ሳትነግሪው?» አሉ እናቷ ደንግጠው። «ከሥራ ይባረር እንዴ?»

«ይባረራ! እኔም ነገ ትሄጃለሽ ካልሽኝ ዛሬውኑ ሄድኩልሽ፣ እማዬ። ይጡርሽ እሱ!»