የሚንጣጣ ዘይት

…አይ፣ ሽታው እሱ አይደለም፣ ካርትያያኒ ጠርሙሱን እንደገና ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፣ ሰሊጡ አለ፣ ወተቱ አለ፣ ሥራ ሥሩም አለ፣ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣው፣ ጉሮሮ ጋ ሲደርስ አረር አረር የሚለው ነገር የለም፣ የአቹታን እጅ የለበትም፣ ታናሽ ወንድሟ ገና ጢም ሳያበቅል ጀምሮ ያፈላላት ዘይት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ገላዋን ከመታጠቧ በፊት የታሸችበት፣ ሙራሊን ወልዳ ወገቧ የተጠገነበት፣ ባሏ የሞተ ሰሞን እንቅልፍ ያገኘችበት፣ እሱን ልትስት? ዓይኗ ይሳሳት እንጂ አፍንጫዋ መች አርጅቶ።

ላሙቅልዎት እማማ? ትላለች ሺጂ፣ የልጇ የሙራሊ ሚስት፣ ፎጣ ይዛ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ድምጿ ማር፣ ድሮም እንዲህ ነበረች? ድሮ ካርትያያኒ ዘይቷን በገዛ እጇ ነበር የምትቀባው፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ወዲህ ነው ይቺ ልጅ ጀርባዋን የወረሰችው፣ ጀርባ ደግሞ ዓይን የለው፣ ከኋላ የሚደረገውን ማን ያያል።

ተይው፣ ዛሬ አልቀባም። እንዴ ለምን? የካርኪዳካም ወር ዝናብ እኮ ነው፣ ሳይቀቡ ውለው መገጣጠሚያዎ ሊይዝዎት ነው? አልቀባም አልኩሽ። ከየት ነው የመጣው ይኼ ዘይት? ከአጎት አቹታን ነዋ፣ ትላለች ሺጂ ፎጣውን እያጠፈች፣ ያጠፈችውን ፈትታ እንደገና እያጠፈች። ማን አመጣው? ሰው ላኩ። ማን የሚባል ሰው? ኧረ እማማ ደግሞ፣ ልሂድ ሩዙ ሊያርብኝ ነው።

ሩዙ ገና አልተጣደም። ካርትያያኒ ታውቃለች፣ የእሳት ሽታ የለም።

የእሳት ሽታ፣ ቆይ፣ ያ ሰሞኑን እኩለ ቀን ላይ እሷ ጋደም ስትል ከጓሮ የሚመጣው የእሳት ሽታስ፣ ምንድን ነው ስትል ቅጠል ነው የማቃጥለው ያለቻት፣ በዚህ ዶፍ ምን ዓይነት ቅጠል ነው የሚነደው? እጇስ፣ አውራ ጣቷ ሥር ውሃ የቋጠረው ቁስል፣ ምን ነካሽ ስትባል በቀሚሷ መሸሸጓ፣ ደግሞ ስልኩ፣ አዎ ስልኩ፣ ከትናንት ወዲያ በረንዳው ላይ፣ ዱባይ ካለው ባሏ ጋር ስትንሾካሾክ ዝናቡ ጋብ ሲል ሾልካ የመጣች ቃል፣ አይ፣ እስካሁን አልጠረጠሩም፣ አልጠረጠሩም! በዚህ ቤት ውስጥ አንቱ የሚባል ሌላ ማን አለ?

ቤቱን ነው የፈለጉት። ሙራሊ ባለፈው ሲመጣ ምን ነበር ያለው፣ እማዬ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ለአሮጊት ይቀዘቅዛል፣ ለእንግዳ ማረፊያ ነበር የሚሆነው፣ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ምን ያስቃል? እሷን አልጋ ላይ አጣብቆ፣ እጅ እግሯን አሳስሮ፣ ዘይት እኮ በቆዳ ይገባል፣ ራሱ አቹታን አይደል የሚለው፣ እትዬ ቆዳም ይበላል፣ የማትበዪውን እንዳትቀቢ።

አቹታን። ለምን አይመጣም? ወንዙ ሞልቶ ጀልባው ቆሟል አሏት፣ እሺ፣ ድልድዩስ? በድልድይ ዞሮ መምጣት ያቅተዋል፣ እህቱ ተሰብራ? በስልክስ? ጆሮው ደክሟል አሏት፣ በአንድ ክረምት ጆሮ ይደክማል? ወይስ እሱም አብሯቸው ነው፣ አቹታንን ገዝተውት ይሆን፣ ኧረ ምን ነካት፣ አቹታንን! ግን ለምን አይመጣም?

ከዕቃ ቤት የነሐሱን መብራት ታወጣለች፣ ክሩን ከጠርሙሱ ዘይት ነክራ ትለኩሳለች። ጥሩ ዘይት ዝም ብሎ ነው የሚነደው፣ ውኃው ያላለቀ ወይ ሌላ ነገር የገባበት ነው የሚናገረው፣ ይኼንንም ያስተማራት እሱ ነው። ነበልባሉ ይቆማል፣ ቀጥ፣ ከዚያ ጣ፣ ጣ ጣ፣ እንደ ተጠበሰ ሰናፍጭ።

በቃ።

ጠርሙሱን በልብሷ እጥፋት ትሸጉጣለች፣ ምርኩዟን ታነሣለች፣ ሺጂ ጓሮ ዶሮ ታባርራለች፣ ጥሩ፣ ታባርር፣ አቹታን አንዴ ቢያሸተው ይበቃል፣ አንዴ አሽትቶ ምን እንደገባበት ይነግራታል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እሷ ታውቃለች። መንገዱ ዳር የቆመው ባጃጅ የኩንጁሞን ነው፣ ሰፈሩን በወሬ የሚያዳርሰው ኩንጁሞን። ወዴት ነው እማማ በዚህ ዝናብ፣ ለሚዜነት ተጠርተው? ዝም ብለህ ንዳ፣ በድልድዩ፣ ባለመድኃኒቱ ጋ። የትኛው ባለመድኃኒት? ስንት ባለመድኃኒት አለ፣ ወንድሜ ጋ ነዋ!

ባጃጁ ይንደቀደቃል፣ በመስታወቱ ውስጥ የኩንጁሞን ዓይን መጥቶባት ይሸሻል። አቹታን ቤት? አዎ አልኩህ። እማማ፣ አሁን እዚያ ማን አለ ብለው ነው፣ ቤቱ እኮ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ዝግ… እና አፉን በእጁ ይይዛል፣ ባጃጁ ወደ ጉድባው ይዘማል፣ በአንድ እጁ ይመልሰዋል።

ይኼም ተገዝቷል፣ ይኼንንም ልከውታል፣ ከመንገድ እንዲመልሳት፣ መጀመሪያ የሚመጣላት ሐሳብ ይኼ ነው፣ ሁለተኛው የለም፣ ለረጅም ጊዜ ሁለተኛ ሐሳብ የለም። የዝናብ መጥረጊያው ብቻ፣ ወዲህ፣ ወዲያ።

መቼ?

ወይ የኔ ነገር፣ አልነገሩዎትም እንዴ፣ ምነው አፌን በቆረጠው፣ እርስዎ ሆስፒታል ሳሉ ነው እማማ፣ ሳንባ ነው አሉ፣ ብዙም አልተኙ፣ አገር ነው የወጣላቸው፣ እኔም ሰው ሳመላልስ ነው የዋልኩ።

አገር ወጣለት። አገር ሲወጣለት እሷ እግሯን በብረት አሰቅላ የሆስፒታል ሾርባ ትጠጣ ነበር፣ ሺጂ በማንኪያ እያጎረሰቻት፣ ዛሬ ደህና ነዎት፣ አዎ ደህና ነኝ፣ አቹታንስ ደህና ነው? ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዎታል። ሰላም ብለዎታል! የሞተ ሰው ሰላም እያለ።

ልዙር እንዴ እማማ? ዙር።

ሺጂ ግቢው በር ላይ ናት፣ ጃንጥላ እንኳ አልያዘች፣ የኩንጁሞንን ፊት ስታይ እጇ ወደ አፏ ይሄዳል፣ ገባት። ካርትያያኒ ከባጃጁ ሳትወርድ ጠርሙሱን አውጥታ ትዘረጋለች፣ ይኼ ምንድን ነው? እማማ ይግቡ መጀመሪያ፣ በሰበሱ። ምንድን ነው አልኩሽ!

እኔ ነኝ የሠራሁት። ዶክተሩ ምንም ድንጋጤ እንዳይነካዎት አለን፣ ከዚያ ዛሬ እነግርዎታለሁ ነገ እነግርዎታለሁ ስል በምን አፌ፣ አጎት አቹታን ናቸው የጠሩኝ፣ ሊሞቱ ሰሞን፣ ዘይቱ ከቀረባት እትዬ ትነቃለች፣ ነይ ላሳይሽ አሉኝ፣ ከአልጋ አልተነሡም፣ በአፋቸው ነው፣ ድምፃቸውም አይወጣም ነበር፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ መጀመሪያ አሳረርኩት ደፋሁት፣ ደግሞ አሳረርኩት ደፋሁት፣ በመጨረሻ ፈርቼ ቶሎ አወረድኩት።

ቶሎ ነው ያወረድሽው፣ ትላለች ካርትያያኒ፣ ውኃው አላለቀም።

ከዝናቡ የተነሣ ልጅቷ ታልቅስ አታልቅስ አይለይም፣ ታለቅስ ይሆናል፣ ታስመስል ይሆናል፣ ጣቷ ላይ ያለው ቁስል ግን አያስመስልም፣ ያ እውነት ነው። እና አቹታን፣ ደረቱ ሲያንቋርር፣ የመጨረሻዋን ትንፋሽ ለምራቷ ሰጠ፣ ለእሷ ውሸት ላከላት፣ ሁሉም ተስማምተው፣ ሐኪሙ፣ ልጇ፣ ምራቷ፣ ሟቹ ሳይቀር፣ ሰፈር ሙሉ ለቅሶ ደርሶ ሲያበቃ እሷን እንደ ሕፃን አሽተው አስተኟት። ደግነት ነው ይሉታል። ይሁን፣ ደግነት ይሁን፣ ግን ይኼን ያህል መደበቅ የሚችሉ ሌላስ ምን ደብቀዋል? ሙራሊ፣ የሙራሊን ድምፅ ራሷ በጆሮዋ የሰማችው መቼ ነው? ሺጂ ናት የምታወራው፣ ሺጂ ናት ሰላም ብሎዎታል የምትል፣ ሰላም ብሎዎታል፣ ያው ቃል!

ደውዪለት። ለማን? ለሙራሊ፣ አሁን። ሥራ ላይ እኮ ነው እማ… ደውዪ አልኩሽ!

ይጠራል። ይጠራል። ሺጂ ስልኩን ልትይዝላት እጇን ትዘረጋለች፣ ካርትያያኒ ከጆሮዋ አታላቅቀውም፣ ከባጃጁ ወርዳ በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደግፋ፣ ይጠራል፣ አያነሣም፣ አያነሣም ማለት፣ ሄሎ ሺጂ? ከኋላው የመኪና ጡሩምባ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ነገር፣ ከዚያ ያ ጉሮሮ መጥረጉ፣ ቁርጥ የአባቱ፣ እሱ ነው፣ በሕይወት አለ።

እኔ ነኝ።

እማዬ! ምነው፣ ምን ሆንሽ?

ስድቡን አዘጋጅታዋለች፣ ውሸታም ልትለው ነው፣ በሬሳ የቀለድክ ልትለው ነው፣ ምላሷ ላይ ደርሷል፣ ከአፏ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፣ ሙራሊ፣ አጎትህ ሞተ፣ ትለዋለች፣ አቹታን ሞተብኝ ልጄ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ከመጀመሪያው ትነግረዋለች፣ ሳንባው ነው አሉ፣ ብዙም አልተኛ፣ አገር ነው የወጣለት፣ እኔ ብቻ አልነበርኩም። እና ጆሮዋን ስልኩ ላይ አጥብቃ ትጠብቃለች፣ አሁን ዶክተሩ ነው ይላል፣ አሁን ላንቺው ብለን ነው ይላል፣ ያን ካለ ትዘጋበታለች፣ ዳግመኛ አታነሣለትም፣ ብረት ቀጥቃጩ ዝም ብሏል፣ ወይም ልጇ ከጫጫታው ራቅ ብሏል፣ ትንፋሹ ይሰማል።

እግዚአብሔር ያጽናሽ እማዬ፣ ይላል።

ሌላ ምንም አልጨመረም። ማንም እስካሁን አላላትም ነበር፣ አገር ሁሉ ተባብሎ ሲጨርስ ለእሷ ሳይባል የቀረ ቃል ነው፣ አሜን ልትል ትፈልጋለች፣ እርጥቡ ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ፣ አቹታን፣ ትላለች፣ አቹታን፣ ወንድሜ፣ ሺጂም መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ካርትያያኒም ዞር በይ አላለቻትም።