በጉድጓዱ አፍ የቀሩ ጫማዎች

ሰሊማ የማሾ ነጋዴ ናት፤ ጆንያው ውስጥ እጇን ከትታ እስከ ታች ሳትፈትሽ ገዝታ አታውቅም። እንዲህ ያለች ሴት በሬዎቿን ሸጣ፣ ኦፓል ቆፋሪዎች ላቋቋሙት ትንሽ አክሲዮን ማኅበር ገንዘቧን የሰጠችው ባሏን አምና ነው። ባሏ አብዱልሃዲ የቆፋሪዎቹ አለቃ ነው። ጉድጓዱ ከሸዋ ሮቢት በላይ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ይገኛል። ጭቃው ስለሚያንሸራትት ሰዎቹ ጫማቸውን አፉ ላይ አውልቀው በባዶ እግራቸው ይገባሉ። አብዱልሃዲ አንድም ጫማ አለመቅረቱን ሳያይ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሰሊማም ቀኑን ሙሉ ገበያ ላይ ተረጋግታ የምትውለው በዚህ ነው።

ዘንድሮ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ኩባንያ መጣ። ማሽን አመጣለሁ፣ ከአክሲዮኑ ከመቶ ስድሳውን ስጡኝ፣ ሥራውንም እኔ ልምራ አለ። የማሽኑ ፎቶ ከስልክ ስልክ ዞረ፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ አየ። ወዲያው ዱአ ተደረገ፣ አሚን ተባለ። ሥራውን የሚመራው ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዱአ የተደረገበትን ነገር ኋላ ማንሳት ደግሞ እነሱ ዘንድ ነውር ነው። የቀረው ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ ማጽደቅ ብቻ ነበር።

ሰሊማን ግን አላስቀምጥ አላት። ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው ማሾ ልገዛ ነው ብላ ዋሽታ፣ በሚኒባስ ጣርማ በርን አልፋ ኩባንያው ወደሚያስቆፍርበት ቦታ ሄደች። የእነሱንም ጉድጓድ የሚመራው ሥራ አስኪያጅ፣ ኢንጂነር አሰፋ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አስመጣላት።

«አሁን ውስጥ ስንት ሰው አለ?» አለችው።

«እሱ ሪፖርቱ ላይ አለ እትዬ። አርብ አርብ ይደርሰኛል።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ስትወጣ ጉድጓዱን አየችው። እዚያም ጫማ ያወልቃሉ። ከረድፉ ዳር ሁለት ጥንድ ኮንጎ ጫማ አቧራ ውጧቸው፣ አንዱን ሸረሪት አድርቶበት ተቀምጠዋል።

«የማን ናቸው?» ስትል ዘበኛውን ጠየቀችው።

ዘበኛው ግራ ቀኙን አየ። «ቆይተዋል» አለ። «የሚያነሳቸው የለም።»

ያንን ሁሉ ቁልቁለት እስከ ቆላው ወረደች።

ያየችውን ለአብዱልሃዲ ነገረችው። «ሥራ ትቶ የሄደ ሰው ጫማ ይረሳል» አላት።

«በባዶ እግሩ ጣርማ በርን የሚወርድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ወገቤ በዶማ አለቀ ሰሊማ። ማሽኑ ይምጣልኝ።»

ሐሙስ ስብሰባው ላይ ተነሳች። የማኅበሩ ገንዘብ ስላለቀ፣ ስምምነቱ ከፈረሰ አክሲዮኗ ባዶ ወረቀት እንደሚሆን ታውቃለች፤ በሬዎቿም አይመለሱም። «የሚመራን ማሽኑ አይደለም፣ ሰውየው ነው» አለች። «ውስጥ ስንት ሰው እንዳለው አያውቅም። የሁለት ሰው ጫማ ደጁ ላይ ቀርቷል።»

ሰብሳቢው ሼህ ሷሊሕ አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ ዱአ ተደርጎበታል እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ ሼኻችን። እርስዎ ብቻ የማን ጫማ እንደሆነ ኢንጂነሩን ይጠይቁልኝ።»

ለስብሰባው የመጣው ኢንጂነር አሰፋ አላስጠየቀም። ፈገግ ብሎ፣ «ጫማው ከሆነ ያስጨነቃችሁ ለሁሉም ቦት እንሰጣለን» አለ። «ከእንግዲህ ደጅ ላይ ጫማ የሚያወልቅ አይኖርም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰሊማ የታያት ሌላ ነው። ማን እንዳልወጣ የሚያሳየው ነገር ሊጠፋ ነው፤ ሰዉ ደግሞ ያጨበጭባል።

እጅ አውጡ ተባለ። መጀመሪያ የወጣው እጅ ከጎኗ ነበር፤ ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ ያለበት የአብዱልሃዲ እጅ።

ስምምነቱ ጸደቀ፤ ሰኞ ጠዋት አብዱልሃዲ አዲሱን ቦት አጥልቆ ከሰዎቹ ጋር ገባ። የጉድጓዱ ደጅ ባዶ ሆነ። ሰሊማ ማሾዋን ትታ፣ አሮጌ ኮንጎ ጫማውን በፌስታል ይዛ ዳገቱን ወጣች። አፉ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አላት አዲሱ ተቆጣጣሪ።

«ባለጫማው ሲወጣ እነሳለሁ» አለችው።