የዋቅሹማ ልጆች

ጋሽ ዋቅሹማ ከራዲዮ ጣቢያ የተደወለለት ዕለት ምሳው አልወረደለትም። የደወለችው ነጅማ የምትባል ጋዜጠኛ ናት፤ በአንድ የአባት ስም ስለሚጠሩ ታዋቂ ሰዎች ፕሮግራም ታዘጋጃለች።

«የዚህ ሳምንት ተራ የዋቅሹማ ነው» አለችው እየሳቀች። «ሐኪሙ ኃይለሚካኤል ዋቅሹማ፣ ኳስ ተጫዋቹ በሱፍቃድ ዋቅሹማ፣ ጠበቃዋ ነስሪን ዋቅሹማ። ሦስቱም የተማሩት እርስዎ ጥበቃ በነበሩበት ትምህርት ቤት ነው። አባታችሁ አንድ ነው ወይ ብላቸው ሦስቱም ‹እሳቸውን ጠይቂ› አሉኝ። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ቤትዎ እመጣለሁ።»

እሳቸውን ጠይቂ! ወልዶ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይመልስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋቅሹማ ልደታ ማርያም አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት በር ጠብቋል። በምዝገባ ሰሞን መዝጋቢው «አባት ይቅረብ» ይላል፤ አባቱ የጠፋ ልጅ ይዛ የመጣች እናት በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ዋቅሹማ ደግሞ የሰው እንባ አይችልም። አንድ ቀን ኮፍያውን አውልቆ ገባና «አባቱ እኔ ነኝ፣ ጻፍ!» አለ። ወሬው አጎራባቹ ጌጃ ሰፈር ደርሶ ሌሎች እናቶችም ለመምጣት ሳምንትም አልፈጀባቸው። መዝጋቢውም ቢሆን እያወቀ ዝም አለ። በዚህ ዓይነት ዋቅሹማ ዘጠኝ ልጆች በስሙ ሲያስመዘግብ ለሚስቱ ለዲንቄ ትንፍሽ አላለም።

እንዴት ብሎ ይንገራት? ዲንቄ አልወለደችም። የገዛ እህቶቹ መካን ብለው ሰድበዋታል፤ ሌላ አግባ ቢሉትም እምቢ ብሏል። አሁን በራዲዮ «አዎ፣ ልጆቼ ናቸው» ቢል በስተርጅና ሚስቱን ማዋረድ ነው። «አይደሉም» ቢል ደግሞ እነዚያን ልጆች አገር እየሰማ አባት የለሽ ማድረግ ነው። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ ዲንቄን ከቤት የሚያርቅበት ዘዴ ፈለገ።

«ሜክሲኮ አደባባይ እህትሽ ጋ አትሄጂም?»

«ምን ልሠራ?»

«እንዲያው... ናፍቃሽ ይሆናል ብዬ።»

«ትናንት እዚሁ አልነበረች እንዴ?»

ዘዴው በዚሁ አለቀ።

ነጅማ በሰዓቷ መጣች። መቅጃዋን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዲንቄ ጓዳው በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እንግዲህ ጋሽ ዋቅሹማ፣ እነዚህ ሦስት ሰዎች ልጆችዎ ናቸው?»

ዲንቄን ላለማየት ጫማውን ያያል። ፈራ፤ በሠላሳ ዓመት የጥበቃ ሥራው ሌባ ሲያባርር እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«ሦስት ብቻ?» አለች ዲንቄ ከሰፌዱ ቀና ሳትል።

ዋቅሹማ ክው አለ።

«ጎማ የሚጠግነው ጀይላንስ? ልብስ ሰፊዋ የአብስራስ? በራዲዮ ያልተወራለት ልጅ አይደለም?»

«አንቺ... ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው። የመጀመሪያዋ እናት በማግስቱ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ከእሷ በኋላ የመጡት ደግሞ እኔን አስፈቅደው ነው አንተ ዘንድ የሚመጡት። በሰው ባል ስም ዝም ብለው ልጅ የሚያስመዘግቡ መሰለህ? ለሁሉም እሺ አልኩ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ አረጀሁ።»

ዋቅሹማ አፈረ። ስንት ዓመት የተሸከመው ፍርሃት ለካ ከንቱ ኖሯል።

ነጅማ ግራ ገብቷት ሁለቱንም አየቻቸው። «ታዲያ ስንት ልበል?»

«ዘጠኝ» አለ ዋቅሹማ።

«አሥራ አንድ» አለች ዲንቄ። «እናትህ ሞተው አገር ቤት የሄድክ ጊዜ ሁለት መጡ። እናቶቻቸውን ምን ብዬ ልመልስ? ባሌ ነው የላከኝ ብዬ እኔው አስመዘገብኳቸው።»

ዋቅሹማ ተነሥቶ ሄደና ሚስቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። መቅጃው አሁንም እየቀዳ ነው።

«ማን ማን ይባላሉ?» አላት።