ሻለቃው ጡረታ ያስወጣው ቅጂ

በኮምፒውተር ክፍሉ «ሻለቃው» የሚባለው ባለሙያ፣ ማዕረጉን ራሱ ለራሱ የሰጠ ቢሆንም፣ ከሰማይ በታች እንደሱ ማዋቀሪያ የሚጽፍ አልተፈጠረም ብሎ ያምናል። ማዋቀሪያ ማለት ክላውድ በሚሉት የኪራይ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኮንቴይነር፣ ማለትም የፕሮግራም ማሸጊያ፣ የትኛውን ፕሮግራም፣ በምን ያህል ሜሞሪ እንደሚያስነሳ የሚነግረው ጽሑፍ ነው። ሲሻሻል አሮጌው አይነካም፤ አዲስ ቅጂ በአስመዝጋቢው ስም ይወጣል።

ታዲያ የአዲሷ ተቀጣሪ ልጅ ቅጂ የሻለቃውን ተክቶ የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ እንደ ጥይት ሲወነጨፍ፣ አለቃቸው «እጅሽ ይባረክ!» አሏት። ሻለቃው አንጀቱ አረረ። እሱን በዘመኑ ሁሉ «ደህና ነው» ብቻ ነበር ያሉት!

ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ የልጅቷን ቅጂ ከመዝገብ ሰርዞ ጡረታ አስወጣው። አሁን ድረ ገጹ ይንኮታኮታል፣ አገር ምድሩ «ሻለቃ ድረስልን!» ይላል ብሎ ጠበቀ። ንቅንቅ የለም። ለካ ጡረታ የወጣ ቅጂ የያዘውን ሥራ ይቀጥላል፤ አዲስ ቦታ ላይ ብቻ ነው የማይነሳው።

ከምሳ በኋላ አለቃው መጡ። «ሻለቃ፣ የልጅቷን ቅጂ ለአዲሱ ቅርንጫፍም አስነሳልን።»

ሊያስነሳው ቢሞክር ኮምፒውተሩ እምቢ አለው። ጡረታ የወጣ አይመለስማ! ላብ በላብ ሆኖ ጽሑፏን ከነነጥቡ ገልብጦ በራሱ ስም አስመዘገበና አስነሳው።

ልጅቷ በሻለቃው ስም የወጣውን ቅጂ ስክሪኗ ላይ አይታ በሳቅ ፈረሰች። «ውይ ጋሼ፣ የኔን ቃል በቃል? ወንበሬንም ልጨምርልዎት?»

«አየሽ፣ ሻለቃው እንኳን መሰከረልሽ!» አሉ አለቃው።

ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት። ሻለቃውም መዳፉ እስኪቃጠል አጨበጨበ፤ በጭብጨባስ ማን ይበልጠዋል?