ጠቋሚዋ ከጎንሽ ናት

ወይ ስልክ! ሰው በስልክ ይታረዳል ቢሏት ማሂራ ትስቅ ነበር። ዱባይ ተራ ገበያ ውስጥ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿ የሚበሉት ከዚያችው ሱቅ ነው። አፏ ለማንም አይመለስም። ዛሬ የደወለላት ሰውዬ ግን «ከገቢዎች ነው» ሲላት «አቤት ጌታዬ» አለች።

«ወይዘሮ ማሂራ፣ ያለ ደረሰኝ ሲሸጡ ተይዘዋል። ዛሬ ሱቅዎ ይታሸጋል።»

ሸጣለች፣ ምን ትዋሽ! ሰኞ ዕለት አንድ የክፍለ ሀገር ነጋዴ «ደረሰኙ ይቅር፣ ዋጋ ቀንሺልኝ» ብሎ ሲጨቀጭቃት እሺ ብላዋለች። ይሄ ሌባ ለስንቱ እንዲህ እያለ እንደሚደውል፣ ስንቱስ በሆዱ «አወቁብኝ!» እንደሚል የት ታውቃለች?

«የጠቆመችብዎ ከጎንዎ ያለችው ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእሷ ትንፍሽ እንዳይሉ፤ ስልኩንም እንዳይዘጉ። ቅጣቱን አሁን በምሰጥዎ ቁጥር ካስገቡ ፋይሉን እዘጋለሁ። አለዚያ እስር አለ።»

ከጎኗ ያለችው ሰዓደት ናት። ማሂራ ለሶላት ስትወጣ ሱቋን የምትጠብቅላት፣ ባሏ ሲሞት አብራት ያለቀሰች ሰዓደት! ሰኞ ያ ነጋዴ ሲገዛ እዚያው በር ላይ ቆማ ነበር። ሌላ ማን አየ?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ማሂራ ግን ጠርጥራ ነው የተመነጠረችው።

የሰጣትን የባንክ ቁጥር ስልኳ ላይ ስታስገባ የአንድ ተራ ግለሰብ ስም ወጣ። የመንግሥት ግብር በሰው ስም ይገባል እንዴ? ክው አለች። ሰው መጠየቅ አማራት። እንዲህ ሲቸግራት የምትጠይቀው ግን ሰዓደትን ነበር፤ አሁን ማንን ትጠይቅ?

በዚህ መሃል ራሷ ሰዓደት ከተፍ አለች፤ ማሂራ ስትለማመጥ በስሱ ግድግዳ በኩል ሰምታለች። «ማሂራ፣ ዝጊው ስልኩን! ስሚኝ እስቲ…»

«ውጪልኝ! ምቀኛ!» ገፍትራ አስወጥታ በሩን ጠረቀመችባት።

ገንዘቡን ላከች። ለኢድ ዕቃ ልታመጣበት የነበረውን፣ ትናንት የወጣላትን እቁብ፣ አንድም ሳታስቀር።

«የቅጣቱን ቀሪስ?» አለ ሰውየው፤ አክብሮቱ ወዴት እንደሄደ እንጃ። «አስገቢ እንጂ!»

«ያ ረቢ! ከየት ላምጣ? የለኝም ወንድሜ፣ የልጆቼ ጉሮሮ ነው…»

ዘጋባት። መልሳ ብትደውል ስልኩ ጠፍቷል። ደጋግማ ደወለች። በመጨረሻ በሩን ከፈተችና ደፍ ላይ ዘፍ አለች። ሰዓደት ከውጭ እንደቆመች ነበር።

«ላክሽ?»

ማሂራ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ቅድም ለእኔም ደውሎ ነበር» አለች ሰዓደት። «ስማችንም ስልካችንም በራችን ላይ ተለጥፎ የለ? ያለ ደረሰኝ ሸጠሻል አለኝ። የጠቆመችብሽም ማሂራ ናት አለኝ።»

«እና… ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ? ማሂራማ እንዲህ አታደርገኝም ብዬ ዘጋሁበት።»

ማሂራ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። ሰዓደት ስልኩን ከእጇ ወሰደችና ገንዘቡን ያግዱላት እንደሆን ባንክ ደወለች፤ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ እንዳለባቸው ነገረቻት። የሚያስፈልገውን ሁሉ ነገረቻት። አንዴም ግን ወደ ማሂራ አላየችም።