የውሃ ልክ እርምጃ

ሆስፒታሉ ውስጥ «ውሃ ልክ» ሲባል የአካል ሕክምና ባለሙያዋ ታናሽ ወንድም መሆኑን የማያውቅ የለም። ግንበኛ ነው፤ አረማመዱ ግን ከሚገነባው ግንብ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው ይሉታል። እህቱ የታካሚዎችን አረማመድ የምትለካባቸው ሴንሰሮች ከጥገና በተመለሱ ቁጥር እሱን ትጠራዋለች። የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉትን ዕቃዎች እግሩ፣ ወገቡና እጁ ላይ በላስቲክ ታስርበታለች፤ እሱም ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ይልበታል። ኮምፒውተሩ ላይ የእሱ መስመር ከተስተካከለ ሴንሰሮቹ ደህና ናቸው ማለት ነው።

ዛሬም እያሾፈ መጣ። «እህት ዓለም፣ እኔ ባልኖር ይሄ ሆስፒታል ተዘግቶ ነበር!»

«ባክህ ወሬህን ትተህ ተራመድ።»

ተራመደ። የቀኝ እጁ መስመር ግን እንደ ግራው ሳይወዛወዝ ተኝቶ ቀረ፤ ቀኝ እግሩም ከግራው ይዘገያል። ጠጋኞቹን በሆዷ ረገመችና የቀኙን ሴንሰር ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛውራ አሰረች። ጥፋቱ የዕቃው ከሆነ አብሮት ወደ ግራ ይዞራል።

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። የተኛው መስመር አሁንም የቀኙ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ይህን መስመር በስንት የነርቭ ታካሚ ላይ አይታዋለች! መጀመሪያ ክንድ ይሰንፋል፤ ቀጥሎ እግር ይጎተታል፤ ከዚያ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ዳገት ይሆናል። እሱ ደግሞ ልጆቹን የሚያሳድገው መወጣጫ ላይ ውሎ ነው። ሐኪም ሳያየው አይፈረድም ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፤ ልቧ እምቢ አላት። በእጇ ያለው መለኪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

«ምነው? አበላሽተው ሰጡሽ አይደል?»

«አዎ... ተበላሽቷል» አለች፤ አፏ እንዴት እንደታዘዘላት እንጃ።

እየሳቀ ላስቲኩን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ያኔ ሐኪሙ በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ። ከኋላው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«እንዴት ነው፣ ሴንሰሮቹ ይሠራሉ? አባት ከሩቅ ነው የመጡት፤ መድኃኒታቸውን የምጨምረው አረማመዳቸው ተለክቶ ነው። ካልሠሩ እሳቸውን ወደ ቤታቸው ልመልሳቸው።»

ሽማግሌውን አየች። ያጎነበሰውን የወንድሟን ጀርባ አየች። መሸሻ አልነበራትም።

«ይሠራሉ» አለች።

የወንድሟ እጅ ላስቲኩ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

«እንግዲያው የተበላሸው እኔ ነኛ» አለ ቀስ ብሎ።